ቸርኬው ዝም ካለ ሰነበተ

ለ፦ በሐዋሳ ዳርቻ ለምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የወሬ ሰሌዳችንና የመድኃኒት ባጃጃችን እንዲመለሱልን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቀበሌያችን አመራሮች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የቀበሌዋን ስም ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩት። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ሌላው ባያውቅ የሚቀርበት ነገር የለም። ረቂቁን ያሳየኋቸው ሁለት ደንበኞቼ፣ አንዱ ከደጋው አንዷ ከሐይቁ ማዶ የመጡ፣ "ስለ እኛ ቀበሌ ነው እንዴ የጻፍሽው?" አሉኝ። ያኔ ነው ፖስታ ውስጥ አሽጌ ከምልከው ለሁሉም ክፍት ይሁን ያልኩት።

እኔን ብዙዎቻችሁ በመልክ ታውቁኛላችሁ። መናኸሪያው አካባቢ ያለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ ውክልና፣ "መታወቂያዬ ጠፍቶብኛል" የሚል ማስታወቂያ፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። እናቴ ደግሞ የእናንተ ነዋሪ ናት። ከዚህ እስከ አስፋልቱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር አርባ ደቂቃ። ዝናብ ከሆነ አንድ ሰዓት።

ኅዳር 2018 ላይ ጂንካ ማርበርግ የሚባለው በሽታ ገባ ሲባል እናቴ ማታ ደወለችልኝ። እሷ ሁሌም ሚስድ ኮል ነው የምታደርገው፤ ያን ቀን ግን ከራሷ ካርድ ደወለች። ሠፈሩ ወሬ በወሬ ሆኗል። አንዱ "የሌሊት ወፍ ያየ ሰው አይተርፍም" ይላል። ሌላው "ገበያ ሊዘጋ ነው" ብሎ አስደንግጦ የጎረቤታችንን በቆሎ በርካሽ ገዝቶታል። "ያቺ ወረቀት ምን ዋጣት?" አለችኝ እናቴ። "እንዲህ ሲሆን ትመጣ አልነበር?"

ከመካከላችሁ በ2012 ያልነበራችሁ አላችሁ። ስለዚህ ያቺ ወረቀት ምን እንደነበረች ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው ዓርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 ለ5 ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ሐዋሳ ውስጥ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። ሳኒታይዘር ከየፋርማሲው ጠፋ። ይህን ሁላችንም አንረሳውም። የገጠሩን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። እዚያ ከበሽታው በፊት ዝምታ ነው የገባው። ገበያው ሳሳ። ለቅሶ ቤት መቀመጥ ቀረ። መኪናው ሰው በግማሽ ጭኖ ዋጋውን እጥፍ አደረገ። ሰው ወሬ የሚሰማበት ቦታ ሁሉ፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ለቅሶ ቤቱም፣ ገበያውም፣ የሚፈራ ቦታ ሆነ።

ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል። ያን ጊዜ ስልክ ስትደውሉ ከጥሪው በፊት ስለ ኮሮና የሚያስጠነቅቅ መልእክት ይመጣ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የእናቴ ጎረቤት አሮጊት ናቸው፤ አማርኛ አይሰሙም። ልጃቸው አዲስ አበባ ነው ያለው። በደወሉ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣል። "የማላውቀው ሰው የልጄን ስልክ ወስዶታል" ብለው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲዘጉበት ከረሙ። እኔ ሄጄ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው አለቀሱ።

ወረቀቷን የጀመረው የእድራችን ጸሐፊ ነው። እድሩ መሰብሰብ አልቻለም። ድንኳኑና ወንበሩ ተቆልፎ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ውስጥ ግን ገንዘብ አለ። አንድ ማለዳ ጸሐፊው ሱቄ መጣ። አፉን በአቡጀዲ ማስክ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆመ። እጁ ላይ ከደብተር የተገነጠለ ገጽ አለ። "ይህን ሠላሳ አድርጊልኝ" አለኝ።

አራት ነገር ነበር የተጻፈበት። ጤና ኬላው ክፍት ነው፣ እርጉዞችና ሕፃናት እንዳትቀሩ። የወፍጮ ቤቱ ሰዓት ተቀይሯል። ፌጦም አረቄም ኮሮናን አያድኑም። አራተኛው ደግሞ "ጧሪ ለሌላቸው አዛውንቶች ውሃ ቀድቶ በራቸው ላይ የሚያስቀምጥ ወጣት ይፈለጋል" ይላል። ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩትና ሠላሳ ኮፒ አወጣሁለት። ገንዘብ አልተቀበልኩም ብዬ አልዋሽም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ተቀብያለሁ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ከእድሩ፣ ቶነሩ ከእኔ ሆነ።

ጤና ኬላ፣ ወፍጮ ቤት፣ የጸሎት ቤቱ በር፣ ስልክ ቻርጅ የምታደርገዋ ሱቅ፣ የእናንተ ሰሌዳ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሁሉ ትለጠፋለች። ግን የሚያነበው ሰው ስንት ነው? ስለዚህ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጮክ ብሎ እንዲያነባት ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን መዓት ነበር። ጋሼ ኮረብታው ላይ ወጥተው ጥሩንባውን ሲነፉት ሰው ሁሉ "ማን ሞተ?" እያለ ከቤቱ ወጣ። አንዲት ሴት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። ጥሩንባ ለእኛ ሌላ ትርጉም የለውም። እሳቸውም ደንግጠው ወረቀቷን ሳያነቡ ወረዱ።

መላው ከትምህርት ቤቱ ተገኘ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፤ ደወሉ ግን ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ አለ። ደወል እንበለው እንጂ የድሮ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፣ በብረት የሚመታ። ድምፁን ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ሞቶ ግን ተመትቶ አያውቅም። ስለዚህ ጥሩንባው ለሞት፣ ቸርኬው ለወሬ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰው ወደ አጥሩ ይወጣል። እዚያው በየአጥሩ ቆሞ ይሰማል። ማንም አይሰበሰብም። አዋጁም አልተጣሰም።

የጋሼ ዓይን ደከም ያለ ስለሆነ የሚያነቡት ሁለት ልጆች ነበሩ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ሲቀዘቅዝ እረፍት ውጡ ተብለው የተመለሱ የሠፈሩ ሴቶች ልጆች ናቸው። የኔን አማርኛ ወደ ሲዳሙ አፎ እየመለሱ ያነቡታል። ሲመልሱ ደግሞ ያርሙታል፣ አንዳንዴ እያሾፉብኝ። እኔ ከቴሌቪዥኑ ሰምቼ "ማኅበራዊ ርቀት" ብዬ ጽፌ ነበር። አንዷ ደውላ "ይሄን አላነብም" አለችኝ። ለምን? አያቷ እዚያ አጠገቧ ቁጭ ብለዋል። በእነሱ ዘመን ሴራውን፣ የሲዳማን የመተዳደሪያ ደንብ ማለት ነው፣ የጣሰ ሰው ከሰው ይለያል፤ ማንም አይጠጋውም፣ እሳት እንኳ አይጭሩለትም። ከባድ ቅጣት ነው። "ከሰው ራቁ ስላቸው ምን አጠፋሁ ይሉኛል" አለችኝ። ቃሏን አሰብኳት። ወረቀቷ ላይ "የሁለት ከዘራ ያህል" ብለን ቀየርነው። ሁለት ከዘራ ለሁሉም ገባው።

ንባቡ ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጀመራል። "አፊኒ?" የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ሲቀመጡ ነገር ከመጀመራቸው በፊት የሚጠይቁት ነው፤ ሰማችሁ ወይ? ማለት ነው። ወሬው ለሁሉም እኩል ሳይደርስ ፍርድ የለም። እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አባቴ ከሰሜን የመጣ፣ በእናቴ በኩል ብቻ የእናንተ የሆንኩ ነኝ። ግን ልጆቹ ቸርኬው ሥር ቆመው "አፊኒ?" ሲሉና ከየአጥሩ መልስ ሲመጣ አንድ ቅዳሜ እዚያ ነበርኩ። ፀጉሬ ቆመ።

አሁን ስለ ባጃጁ ልጻፍ። እሱን ትንሽ አስረዝመዋለሁ።

በዚያ ሰሞን የግፊትና የስኳር ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ማቋረጥ ጀምረው ነበር። ጤና ኬላው ይህን መድኃኒት አይሰጥም፤ ከተማ መሄድ ግድ ነው። ከተማ ኮሮና አለ። መኪናው በእጥፍ ነው። "ትንሽ ይብረድና እሄዳለሁ" ይላሉ፤ ቀኑ ይሄዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት ይህን ያየችው። እነዚህ ልጆች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተመደቡ ናቸው፤ ሁለት ሰው ለ5 ሺህ ሰው ግድም ማለት ነው። ቤት ለቤት ሲዞሩ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ ቤቱ ማገር ላይ ተሰክቶ ያያሉ። በወረቀቷ ቁጥር 5 ላይ እንዲህ አወጣን። አንዷ ቅጂ እስካሁን ሱቄ ግድግዳ ላይ አለች፦

"የግፊት፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ፦ ካርዳችሁንና ያለቀውን ማሸጊያ ሰኞ ማታ ለጤና ኬላ ስጡ። ማክሰኞ ባጃጅ ይወስዳል፤ ማታ ይመልሳል። ሒሳቡን ያልቻለ ለእድሩ ጸሐፊ ለብቻው ይንገር።"

"ለብቻው" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

የባጃጁ ሹፌር የሠፈሩ ልጅ ነው፣ ሥራ የቀዘቀዘበት። ቤንዚኑን እድሩ ቻለ። የመጀመሪያው ማክሰኞ አሥራ አንድ ካርድ ይዞ ሄደ። መድኃኒት የምትሰጠዋ ልጅ ካርዶቹን አየችና "አንተ የእነዚህ ሁሉ ልጅ ነህ?" አለችው። ልጁ የቀልድ ሰው ነው፤ "እናቶቼ ብዙ ናቸው" አለ። አልሰጠችውም። ትክክል ናት፤ የሰው መድኃኒት ለማንም አይሰጥም። ባዶ እጁን ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስም ዝርዝር ጽፋ ፈርማ፣ ስልኳን አስቀምጣ ላከችው። ያኔ ተሰጠው።

ማታ ሲመለስ መድኃኒቱ በየፌስታሉ ስም ተጽፎበት አጥር ላይ ይንጠለጠላል። ማንበብ ለማይችሉት ክር ነበር። ቀይ ክር የጠዋት፣ ጥቁር ክር የማታ። ይህንንም ያመጣችው የጤና ኬላዋ ልጅ ናት፤ ከማንም መመሪያ አልመጣላትም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሁለት ሰዎች ነበሩን፤ ለእነሱ ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላች ፔርሙስ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ትቀመጣለች። አንድ አባት፣ ማክሰኞ ማታ ባጃጁ እስኪመጣ ከአጥራቸው አይንቀሳቀሱም። መድኃኒቱን ፈልገው ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳጣራ ለካስ ከባጃጁ ልጅ ጋር ለመጨዋወት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚያነጋግራቸው ሰው አልነበረም።

ወደ "ለብቻው" ልመለስ። ቁጥር 3 ላይ ትልቅ ጥፋት አጠፋን። ማዕድ ማጋራት በየቦታው የሚባልበት ሰሞን ነው። እድሩ ለ12 ቤት ዱቄትና ዘይት ገዛ። እኛም ጀግኖች ነን ብለን የ12ቱን አባወራና እማወራ ስም በወረቀቷ ላይ ጻፍን። ቸርኬው ተመታ፣ ስሙ ተነበበ፣ ሠፈር ሁሉ ሰማ። አንዲት እናት ነበሩ፤ ድሮ እሳቸው ናቸው ለሰው ቆጮ የሚያካፍሉት። ስማቸው ሲጠራ ከአጥራቸው ገቡ። ዱቄቱን ሊወስዱ አልመጡም። ጸሐፊው ቤት ሦስት ሳምንት ተቀመጠ። ልጅ ቢልኩባቸው "ተሳስታችሁ ነው፣ እኔ አልጠየቅኩም" አሉ።

ከዚያ በኋላ ስም ቀረ። "12 ቤት ደርሷል" ብቻ። የደረሰውንም ወጣቶቹ ከመሸ በኋላ ነው የሚያደርሱት። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅር አይበላችሁ። ያኔ ከየቢሮው ዱቄት ይዞ የሚመጣ ሰው ካሜራ ሳይዝ አይመጣም ነበር። ዘይት እየተቀበሉ ፎቶ የተነሡ ሰዎች ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ልጆቻቸው አድገው ያዩታል። ይህን ሳስብ የእኛን ቁጥር 3 አስባለሁና ብዙም መናገር አልችልም።

ሌላውን ስህተት የሠራሁት ለብቻዬ ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ነበር። ጤና ኬላዋ "ሐሙስ" ብላ ልካልኝ ነበር። እኔ የባጃጁን ማስታወቂያ ኮፒ አድርጌ ከሥሩ ስጽፍ "ማክሰኞ" የሚለውን ሳልቀይረው ቀረሁ። ማክሰኞ ሰኔ 23 ማለዳ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በጭቃ መጡ። ክትባት የለም። ለወጣቶቹ በቴሌግራም ልንገር ብል ኢንተርኔት የለም። ያን ቀን ነው አገር ታምሶ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ የጠፋው፤ ለሳምንታትም አልተመለሰም። በስልክ ጋሼን አገኘኋቸው። ከእርሻቸው ሮጠው ቸርኬውን መቱት። "ሐሙስ ነው! ልጅቷ ተሳስታለች!"

በሚቀጥለው ቅዳሜ የወረቀቷ የመጀመሪያ መስመር "ባለፈው ሳምንት ተሳስተናል" የሚል ሆነ። ጋሼ አልማሩኝም፤ የተሳሳተችው የእነ እንትና ልጅ ናት ብለው ከነሰፈሬ አስነገሩ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ወፍጮ ቤት በልጅ ነበር የምትልከው። ያም ሆኖ ሐሙስ ዕለት እናቶቹ ተመልሰው መጡ። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ። ሐሰተኛ ወሬ ቢሆን ኖሮ "ተሳስቼ ነበር" ብሎ የሚመለስ ማንም የለም፤ ሰዉም ይህን ለይቶ ያውቀዋል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ጥቅምት 2013 ትምህርት ቤት ሲከፈት የገጠሩ ቀድሞ ተከፈተ። ቸርኬው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ቅዳሜ ግን የእኛ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ፋብሪካ ተመለሱ። ወረቀቷ በሁለት ሳምንት አንዴ ሆነች። መጋቢት 4 ቀን 2013፣ በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ አገር ውስጥ የኮሮና ክትባት መሰጠት ተጀመረ። ማን መጀመሪያ፣ የት፣ ከክትባቱ በኋላ ክንድ ቢያም ምን ይደረጋል የሚለውን ሁሉ ጻፍን። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ነው ከጽሕፈት ቤታችሁ "ይህን ማን ፈቀደ?" የሚል ጥያቄ የመጣው።

ጥያቄው ክፉ አልነበረም። በ2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቶ ነበር፤ ቀበሌ የሚያክል ኃላፊነት የያዘ ሰው ማኅተም የሌለው ወረቀት ሰሌዳው ላይ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኔም ብሆን እደነግጣለሁ። "ማኅተም የሌለው አይለጠፍም" ተባለ። እሺ አልን፤ ወደ ማኅተሙ አመጣናት። ማኅተም የሚያደርገው ሰው ስብሰባ ሄዷል። በማግስቱ ሥልጠና ላይ ነው። ቅዳሜ ሊነበብ የነበረ ወሬ በሦስተኛው ሐሙስ ታተመበት። ያን ጊዜ ባጃጁ ሄዶ ተመልሷል፣ ወፍጮ ቤቱ ተበላሽቶ ተጠግኗል። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ጸሐፊው ወደ ሱቄ አልመጣም።

አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል፣ እየሳቅኩ። ሲዳማ ክልል የሆነው በሰኔ 2012 ነው። በዚያ ዓመት ከየቢሮው ስንት ሰው ነው ሱቄ እየመጣ የደብዳቤ ራስጌ ያስቀየረው! የድሮው ማኅተም ዋጋ የለውም፣ አዲሱ ገና አልተቀረጸም። በእነዚያ ወራት አካባቢው ሁሉ ያለ ማኅተም ኖሯል። ወረቀቷም ያኔ ነበር ስትሠራ የነበረው።

ባለፈው ወር እናቴ ጋ ስሄድ በሰሌዳው በኩል አለፍኩ። የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ማስታወቂያ አለ። የስብሰባ ጥሪ አለ፣ ቀኑ ያለፈ። የደበዘዘ የእንኳን አደረሳችሁ ባነር ግማሹ ተገንጥሎ ይወዛወዛል። ከእግሩ ላይ ፍየል ታስሯል። ፍየሏ ከባነሩ ጥግ እየበላች ነበር። ፎቶ አላነሳሁም፤ ከላይ የጻፍኩትን አስቤ።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሰሌዳውን ከመሃል በቀለም ክፈሉልን። አንደኛው ጎን የእናንተ ይሁን፣ ከነማኅተሙ። ሌላው ጎን በእድሩ ጸሐፊና በጤና ኬላ ባለሙያዋ ፊርማ ይለጠፍበት፤ ስማቸውና ስልካቸው ከሥር ይጻፍ። ስህተት ከተገኘ የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው፤ ያኔም ተጠይቄ አይታችኋል። ከላዩ ቆርቆሮ ቢደረግለት ደግ ነው፤ በክረምት ወረቀት ዝናብ አይችልም። ቆርቆሮውን እድሩ ይገዛል ብለውኛል።

የባጃጁ ነገር ግን ያለ እናንተ አይሆንም። ያኔ በአንዲት ልጅ ፊርማና በአንዲት መድኃኒት ሰጪ ቀና ልብ ነው የሄደው። ሁለቱም ዛሬ እዚያ የሉም፤ ተዛውረዋል። የግፊት ሰዎች ግን አሁንም አሉ፤ አሁንም ከተማ መሄድ የማይችሉ አሉ። ኮሮና ስላለፈ እግራቸው አልጠነከረም። ለጤና ጣቢያው አንድ የትብብር ደብዳቤ ጻፉልን፦ በወር አንድ ቀን፣ በጤና ኬላዋ ዝርዝርና ፊርማ፣ ለታወቀ ሰው መድኃኒት እንዲሰጥ። ያ የባጃጁ ልጅ አሁንም አለ። ሁለት ልጆች ወልዷል። "ዝርዝሩ ይምጣልኝ እንጂ" ነው የሚለው።

ለሚያነቡት ልጆች የስልክ ካርድ ቢኖር ጥሩ ነው። ይህን በጀት አትሉትም፤ የአንድ ስብሰባ ውሃና ሻይ ነው። የእድሩን ሣጥን ግን ተዉት። እንጠብቀው፣ እናስመዝግበው፣ ኦዲት እናድርገው የሚል ሐሳብ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሰው ሠላሳ ዓመት ያዋጣው በመተማመን ነው። ደረሰኝ ጠይቆ አያውቅም፤ ጸሐፊውም አንድ ብር አላጎደለ።

ደግሞ በሽታ እስኪመጣ አትጠብቁ። ወረቀቷ በ2012 የተሰማችው ሰው ጸሐፊውን፣ ጋሼንና ጤና ኬላዋን ድሮም ስለሚያውቃቸው ነው። ኅዳር ላይ ግን ሰሌዳው ባዶ ነበር፤ በቆሎውን የሸጠው ጎረቤታችን ማንን ይጠይቅ? በሰላሙ ጊዜ የወፍጮ ሰዓት፣ የጠፋች ላም፣ የችግኝ መምጫ ቀን እየተነበበበት ቢቆይ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሰዉ ከልማዱ ወደ አጥሩ ይወጣል።

ጋሼ አርጅተዋል። ባለፈው ሳገኛቸው ጥሩንባውን ለልጃቸው እንዳስረከቡ ነገሩኝ። ቸርኬውን የሚመቱበትን ብረት ግን አልሰጡም፤ ቤታቸው በር ኋላ አቁመውታል። "የዚህ ባለቤት ማን እንደሆነ አልተነገረኝም" አሉኝ።

ሱቄ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው። አንድ ደስጣ ወረቀት ለብቻ አስቀምጫለሁ። ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ጸሐፊ
ለጤና ኬላችን ባለሙያዎች
ለባጃጁ ልጅ (በቴሌግራም)
ለእናቴ (በቃል የሚነበብ)